አረሚ ማን ነው? ስለ አንድ ያረጀ ቃል

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጌታችን ወንድም ወንድሙን እንዴት እንደሚገሥጽ ያስተምራል። አስቀድሞ ለብቻው፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ምስክሮችን ይዞ፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ፊት እንዲነግረው ያዝዛል። በዳዩ ቤተ ክርስቲያንንም አልሰማም ካለ፣ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አገላለጽ፣ ከአረመኔና ከቀራጭ ይቈጠራል። ይህ ወንጌል በተነበበ ቍጥር ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «አባ፣ ምክር ያልሰማ ሰው ስለ ምን አረመኔ ይባላል?» በጅጅጋም ሆነ በቱሊ ጉሌድ ለትምህርት የሚሰበሰብ ሕፃን «አረመኔ» ሲባል በሐሳቡ የሚመጣበት ርኅራኄ የሌለው፣ ደም የሚያፈስ ሰው ነው። በወንጌሉ ውስጥ ግን ደም ያፈሰሰ የለም፤ ያለው በደሉን ማመን ያልወደደ እልከኛ ወንድም ብቻ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ቃሉ ከጥንት ትርጕሙ ርቆ ሄዷል። ዳሩ ግን የሄደበትን መንገድ ብንከተለው ከአንድ የቋንቋ ትምህርት የሚበልጥ ነገር እናገኛለንና፣ ውድ አንባብያን፣ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። በሙስሊም ወገኖቻችን መካከል በቍጥር አነስተን የምንኖር ምእመናን፣ እምነታችንን የማይጋራውን ሰው በምን ስም እንጠራዋለን የሚለውን ጥያቄ ልንሸሸው አንችልም።

የቃሉ ጥንተ ቤት ግእዝ ነው። «አረሚ» ይላል፤ ለአንድ ወንድ «አረማዊ»፣ ለሴት «አረማዊት»፣ ለብዙዎች «አረማውያን»። ዛሬ በገበያም ሆነ በቤት «አረሚ» ብሎ የሚናገር የለም፤ ቃሉ በገድላትና በድርሳናት፣ ከዚያም በመዝገበ ቃላት ተቀብሮ ቀርቷል። በግእዝ ትርጕሙ ጨካኝ ማለት አልነበረም። የእስራኤልን አምላክ የማያመልክ፣ ከአይሁድ ወገን ያልሆነ፣ በኋላም ያልተጠመቀ ሰው ማለት ነበር። የግሪኩ አዲስ ኪዳን አይሁዳዊና «ሄሌናዊ» እያለ ሁለቱን ወገኖች ሲያነጻጽር፣ የግእዙ ተርጓሚ በልዩ ልዩ ስፍራ «አረማዊ» ብሎ አስቀመጠው። ግሪካዊ በአክሱም ሰው ዘንድ የአቴና ዜጋ ሳይሆን ከሕጉ ውጭ ያለ ሰው ማለት ነበርና።

ተርጓሚው ይህን ቃል ከየት አገኘው? ከሶርያ ምድር። አራም በብሉይ ኪዳን የምናውቀው የሕዝብና የአገር ስም ነው፤ ደማስቆ የአራም ከተማ ነበረች። የአራም ሰዎች ቋንቋ አራማይስጥ ከአሦር ጀምሮ እስከ ፋርስ መንግሥት ድረስ የነገሥታት ደብዳቤ የሚጻፍበት ልሳን ሆነ። ዘመነ ክርስትና በደረሰ ጊዜ እነዚሁ ሰዎች ወንጌልን ተቀበሉ፤ በተለይ ኤዴሳ ወይም ሮሃ የምትባለው ከተማ የታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህራን መኖሪያ ሆነች። እንግዲህ ያልተለመደ ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። የተጠመቁት አራማውያን የአባቶቻቸው ስም የጣዖት ዘመን መታሰቢያ መስሎ ታያቸው። ራሳቸውን «ሱርያዬ»፣ ማለትም ሶርያውያን፣ ብለው መጥራትን መረጡ፤ «አርማያ» የሚለውን ስም ደግሞ ላልተጠመቀው ተዉለት። በሶርያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በፕሺጣ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገላትያ በላከው መልእክት ምዕራፍ 3 አይሁዳዊና ግሪካዊ በክርስቶስ አንድ ናቸው የሚለው፣ አይሁዳዊና «አርማያ» በሚል ቃል ተተርጕሟል። አንድ ሕዝብ የገዛ ስሙን የማያምን ሰው መጠሪያ አደረገው ማለት ነው።

ቃሉ ወደ አገራችን የገባው ከወንጌል ጋር ነው። በትውፊታችን ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ መሆኑን፣ ተሥዓቱ ቅዱሳንም ከሶርያና ከአካባቢው እንደ መጡ እንማራለን። ጀርመናዊው ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በግእዝ ውስጥ ያሉትን የአራማይስጥ ውሰት ቃላት በዝርዝር ካጠና ወዲህ፣ ብዙ የሃይማኖት ቃሎቻችን ከዚያ እንደ መጡ የታወቀ ሆኗል። «ኦሪት» ከዚያ ነው። «ጣዖት» ከዚያ ነው። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ ነው። ስለዚህ የሚያምነውን ሰው ሀብት የምንጠራበት ቃልና የማያምነውን ሰው የምንጠራበት ቃል በአንድ መርከብ ተጭነው ቀይ ባሕርን ተሻግረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሳስብ የሚያስደንቀኝ ይህ ብቻ አይደለም። የያዕቆብ እናት ርብቃ የአራማዊው የባቱኤል ልጅ፣ የአራማዊው የላባ እኅት መሆኗን ኦሪት ዘፍጥረት በግልጽ ይናገራል። በዕብራይስጡ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 እስራኤላዊው የምድሩን በኵራት ይዞ ወደ መሠዊያው በቀረበ ጊዜ አባቱ ተቅበዝባዥ አራማዊ እንደ ነበረ እንዲመሰክር ታዝዟል፤ ይህም የእምነቱ መግለጫ መጀመሪያ ነበር። ኤልሳዕ ከለምጽ ያነጻው ንዕማን የአራም ሠራዊት አለቃ ነበረ፤ ጌታችንም በናዝሬት ምኵራብ ስሙን በጠራ ጊዜ ሰሚዎቹ ተቈጥተው ወደ ገደል ሊጥሉት ወሰዱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን ራሱ የተናገረው አራማይስጥ ነው። «ጣሊታ ቁሚ»፣ «ኤፍታህ»፣ በጌቴሴማኒ የጸለየው «አባ» ከዚህ ልሳን ናቸው። «አረመኔ» ብለን በምንሳደብበት ጊዜ፣ ሳናውቀው፣ የጌታችንን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስም እየጠራን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ መስሎ እንዳይታይ ወደ ሌሎች ሕዝቦችም ጥቂት እንሻገር። በ4ኛው መቶ ዓመት ለጎቶች ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጐመው ጳጳስ ኡልፊላስ፣ በማርቆስ ምዕራፍ 7 ስለ ልጅዋ የለመነችውን የሲሮፊኒቃ ሴት «ሃይትኖ» ብሏታል። የግሪኩ ወንጌል ሄሌናዊት የሚላት ናት። ይህ ቃል በጀርመንኛ «ሃይደ»፣ በእንግሊዝኛ «ሂዘን»፣ በሆላንድ ቋንቋ «ሄይደን» ሆኖ ይገኛል፤ ዛሬ በእነዚያ አገሮችም ቢሆን ከዕለት ንግግር የወጣ፣ አሮጌ ሽታ ያለው ቃል ነው። ብዙ ሊቃውንት «ሂዝ» ከሚለው ቃል፣ ማለትም ካልታረሰ ዱርና ጫካ፣ ጋር ያዛምዱታል፤ በዱር የሚኖር ሰው ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ «ኤትኖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል በአርመንኛ በኩል የመጣ ነው ይላሉ። ኤትኖስ ሕዝብ ማለት ነው። እኛም «አሕዛብ» የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሕዝብ በነጠላ ሲሆን የእግዚአብሔር ሕዝብ ይባላል፣ በብዙ ሲሆን ግን ከቤት ውጭ ይቀራል። ሰዋስው ባወጣው ፍርድ ይህን ያህል የተቀጣ ስም ሌላ አላውቅም።

ሮማውያን «ፓጋኑስ» አሉ። ፓጉስ የገጠር ቀበሌ ነው፤ ፓጋኑስም በመጀመሪያ ባላገር ማለት ነበር፤ በወታደሮች አነጋገር ደግሞ ጦር ያልያዘ ተራ ሰው ማለት ሆነ። ወንጌል አስቀድሞ ከተሞችን ስለ ያዘ በገጠር የቀረው ገበሬ ነው የተባለው ወይስ በክርስቶስ ጭፍራ ውስጥ ያልተጻፈው ሰው በሚለው ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በሩሲያ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ገበሬውን «ክረስትያኒን» ይሉታል፣ ይህም ክርስቲያን ከሚለው ስም የወጣ ነው። በአንዱ አገር ገበሬው አረማዊ፣ በሌላው አገር ገበሬው ክርስቲያን! በዐረብኛም «ካፊር» የሚለው ቃል ሥሩ መሸፈን ነው፤ ዘርን በአፈር ስለሚሸፍን ገበሬም በዚህ ስም ተጠርቷል። ይኸው ቃል በነጋዴዎች አፍ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ የጥቍር ሰው መሰደቢያ ሆኖ ብዙ እንባ አፍስሷል። የግሪክ መርከበኞች ደግሞ ከጅጅጋ በስተ ሰሜን ያለውን የሶማሊ የባሕር ዳርቻ «ባርባሪያ» ብለው በመጽሐፋቸው መዝግበዋል፤ ግሪክኛ የማይናገር፣ ንግግሩ «ባር ባር» የሚመስላቸው ሰው አገር ማለት ነው። የበርበራን ወደብ ስም ከዚህ ጋር የሚያዛምዱ አሉ። በጅጅጋ ገበያ ከበርበራ መንገድ የመጣ ዕቃ የገዛ ሁሉ ይህን ቃል ሳያውቅ አልፎበታል።

ስለ ሲሮፊኒቃዪቱ ሴት ገና አልጨረስሁም። የሶርያው ፕሺጣ በዚያው ስፍራ አርማይት አላላትም፤ «ሐንፕታ» አላት፣ ማለትም ጣዖት አምላኪ ሴት። «ሐንፓ» በሶርያውያን ክርስቲያኖች ዘንድ አረማዊ ማለት ነበርና። በዐረብኛ የዚህ ቃል ዘመድ ተብሎ በብዙዎች የሚታሰበው «ሐኒፍ» ነው። በቍርኣን ሐኒፍ የተባለው ማን ነው? አባታችን አብርሃም ነው፤ ጣዖትን ትቶ ወደ አንዱ አምላክ ያዘነበለ፣ ልበ ቅን ሰው ማለት ነው። በቱሊ ጉሌድ የምትኖሩ ምእመናን የሙስሊም ጎረቤታችሁ ይህን ቃል በታላቅ አክብሮት ሲጠራው ሰምታችሁ ይሆናል። በአንዱ መጽሐፍ የጣዖት አምላኪ ስም የሆነው በሌላው መጽሐፍ የአማኞች አባት ማዕረግ ሆኗል። እነዚህ ሁለት ቃላት ዘመዳሞች ከሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚለካው ቃሉን ይናገር የነበረው ሰው በየትኛው ወገን ቆሞ እንደ ነበር ብቻ ነው። በግእዝ ዜና መዋዕሎቻችንም ሙስሊሞች «ተንባላት» ተብለው ተጽፈዋል፤ «ተንበለ» ግን በግእዝ ለመነ፣ ማለደ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «አረሚ» በግእዝ የእምነት ልዩነትን የሚያመለክት ስም ነበር። በአማርኛ «አረመኔ» ሆኖ ጨካኝ ማለት የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ይህ መንሸራተት ያለ ምክንያት አልሆነም። «እርሱ እንደ እኛ አያምንም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር «እርሱ እንደ እኛ አይራራም» ወደሚለው ለመሻገር ልብ አንድ እርምጃ ብቻ ይበቃዋል፤ ያንን እርምጃም ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳይፈርም፣ ቋንቋው በትውልዶች አፍ ውስጥ ተራመደው። ተመሳሳዩን በላቲን ቅዳሴያችን አይተናል። በዕለተ ስቅለት ስለ አይሁድ በሚጸለየው ጸሎት «ፐርፊዲስ» የሚል ቃል ነበረ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ላቲን እምነት የጐደላቸው ማለት ነበር፤ በኋለኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ግን ከዳተኞች፣ ተንኰለኞች የሚል ትርጕም ያዘ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1959 ቃሉ ከጸሎቱ እንዲወጣ አደረጉ። የጥንቱ ትርጕም ንጹሕ ነበር ብለው መከራከር ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ሰሚው የሚሰማውን እንጂ መዝገበ ቃላቱ የሚለውን አልተከተሉም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እኔም ቀላል ነው አልልም። የቃል ሥር የቃል ትርጕም አይደለም። ዛሬ «አረመኔ» የሚል ሰው ስለ አራም ሕዝብ አያስብም፤ ስለ ጭካኔ ነው የሚናገረው። ክፉ ሥራ ስም ሊኖረው ይገባል። በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ በጀመረውና ወደ ሌሎች የክልሉ ከተሞች በተዛመተው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ቤቶችና ሱቆች ተዘርፈዋል። ያንን ሥራ አረመኔያዊ ማለት ኃጢአት ነውን? አይደለም። ለተበደለው ሰው የበደሉን ስም መከልከል ሁለተኛ በደል ነው፤ በቋንቋ ጨዋነት ስም ሰለባውን ዝም ማሰኘት የካህን ሥራ ሊሆን አይገባም።

ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ቃሉ ከሥራው ተነሥቶ «እነሱ» ወደሚል ሌላ ቃል ሲዛወር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሠሪው ተረሳ፤ ቋንቋውና ሃይማኖቱ ቀረ። አሮጌው «አረሚ» ከተቀበረበት ተነሥቶ ጭካኔንና ሌላ እምነትን እንደገና በአንድ ስም አሰራቸው። በዚያው በ2010 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት ስለ ጅጅጋው እስር ቤት፣ ሕዝቡ «ጄል ኦጋዴን» ስለሚለው፣ ዘገባ አውጥቶ ነበር፤ በዚያ የተሠቃዩት በአብዛኛው ሶማሊዎች፣ ሙስሊሞች ነበሩ። ያሠቃዩአቸውም ሌሎች ሃይማኖተኞች ስለ ሆኑ አልነበረም። ጭካኔ የሃይማኖት ወሰን እንደማያውቅ ከዚህ አካባቢ የተሻለ ማስረጃ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

የስም ቍስል ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚደርስ አይደለም። የእኛ ልጆች በመንገድ ላይ «ጋል» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው ወላጆች ታውቃላችሁ፤ በሶማሊኛ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ማለት ነው፣ አንዳንዴ ያለ ክፋት የሚነገር፣ አንዳንዴ እንደ ድንጋይ የሚወረወር። ያን ጊዜ የቃሉ ሥር ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን የለም፤ የተወረወረበትን ድምፅ ይሰማል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ክርስቲያኖችን ካፊሮች ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ከእኛ ወገን የነበሩ ጸሓፊዎችም ስድብ አላነሣቸውም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ነጻ አልነበረችም። ጅጅጋን የሚያጠቃልለው የሐረር ሐዋርያዊ ቪካርያት እ.ኤ.አ. በ1846 ሲመሠረት የተሰየመው የኦሮሞ ሕዝብ ራሱን በማይጠራበት፣ ሌሎች ባወጡለትና ዛሬ እንደ ስድብ በሚቈጠር ስም ነበር። እስከ 1937 ድረስ፣ ዘጠና ዓመት ያህል፣ በሮም መዝገብ በዚያ ስም ቈይቷል። እነዚያ ሚስዮናውያን ለሕዝቡ ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩ፤ ስሙን በክፋት አላወጡትም፤ ሰምተው ወሰዱት። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፣ ሰምተን የምንወስደው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው ሰነድ ቤተ ክርስቲያን ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምትመለከት ሲያውጅ፣ አንዱን አምላክ የሚያመልኩ መሆናቸውንም በስም ጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ በታደሰው የዕለተ ስቅለት ጸሎት ስለ «አረማውያን» ሳይሆን በክርስቶስ ስለማያምኑ፣ ቀጥሎም በእግዚአብሔር ስለማያምኑ ሰዎች እንጸልያለን። ረጅም አነጋገር ነው፤ በአንድ ቃል ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን የሚጐድለውን እምነት እንጂ የማናውቀውን ጠባይ አይናገርም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተግባር የምለው ይህ ነው። የማቴዎስ 18 ንባብ ሲደርስ «አረመኔ» የሚለውን ቃል ለልጆቹ ያልተጠመቀ፣ ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው ብላችሁ ተርጕሙላቸው። ከዚያም ጌታችን አረማውያንንና ቀራጮችን እንዴት እንደ ያዛቸው ጠይቋቸው። የሲሮፊኒቃዪቱን ሴት እምነቷ ታላቅ ነው አላት፤ በቅፍርናሆም የነበረውን ሮማዊ የመቶ አለቃ በእስራኤል ያላገኘው እምነት እንዳለው መሰከረለት፤ ቀራጩን ከመቅረጫው ጠርቶ ሐዋርያ አደረገው። ይህን ወንጌል የጻፈልን ያ ቀራጭ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው እስኪደርሱበት ብትጠብቁ ይሻላል፤ አንዱ ሳይቀድማችሁ አይቀርም።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን አንብቡላቸው። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲጓዝ መርከቡ ተሰበረ፤ በእርሷም የነበሩት ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነፍስ እየዋኙና በመርከቡ ስብርባሪ እየተንሳፈፉ መላጥያ ወደምትባል ደሴት ወጡ። ዝናብ ነበረ፣ ብርድም ነበረ። የደሴቲቱን ሰዎች ሉቃስ በግሪክኛ «ባርባሮይ» ይላቸዋል፤ የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ያንኑ አሮጌ ቃል አስቀምጦ «አረማውያን» ብሏቸዋል። ወታደሩንና እስረኛውን ሳይለዩ እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። እንግዶቹ ከሦስት ወር በኋላ ሲሄዱም ለመንገድ የሚያስፈልጋቸውን ስንቅ ጫኑላቸው። ሉቃስ ከእነዚያ ሰዎች አንድ እንኳ መጠመቁን አልጻፈም።